የፋሲካን ስም የተሸከሙ የግዛት አበቦች

እንደሚታወቀው በአገራችን በዓለ ትንሣኤ ያለ ለምለም ነገር አይታሰብም። በሆሳዕና ዕለት ምእመናን ዘንባባውን ለጣታቸው ቀለበት፣ ለግንባራቸው መስቀል አድርገው ከቤተ ክርስቲያን ይመለሳሉ። በቅዳም ሥዑርም ካህናቱ ቃጭል እያሰሙ ለምለም ቀጤማ ያድላሉ፤ ምእመኑም ተቀብሎ በራሱ ላይ ያስረዋል። ይህም ርግብ ለኖኅ ይዛለት የመጣችውን የወይራ ቅጠልና የጥፋት ውኃ መጉደሉን የሚያስታውስ ምልክት መሆኑን አባቶች ያስተምራሉ። ያው ቀጤማ በማግሥቱ በየቤቱ ወለል ላይ ተጐዝጕዞ እንግዳ ይቀበላል።

ዘንባባንና ቀጤማን ለበዓሉ የመረጣቸው ምክር ቤት አይደለም፤ ሃይማኖትና ልማድ ናቸው። በባሕር ማዶ ግን አበባን በሕግ መምረጥ ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ሥርዓት ሆኗል። ሃምሳዎቹ የአሜሪካ ግዛቶች፣ የካናዳ ክፍላተ ሀገር፣ የአውስትራልያም ግዛቶች እያንዳንዳቸው እንደ ሰንደቅ ዓላማና እንደ ማኅተም ሁሉ በይፋ የተሰየመ አበባ አላቸው። ሜይን የተባለችው የአሜሪካ ግዛት እንኳ አበባ ቢቸግራት ይሁን ቢበዛባት እንጃ፣ በ1895 የመረጠችው የፈረንጅ ጥድ ፍሬ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልን።) የእነዚህን አበቦች ዝርዝር በእርጋታ ለተመለከተ ክርስቲያን፣ ከመካከላቸው የሰሙነ ሕማማትንና የፋሲካን ነገር በስማቸውና በመልካቸው የያዙ በርከት ያሉ ሆነው ያገኛቸዋል። በዛሬው የበዓል ገጻችን ስለ እነርሱ ጥቂት ለማለት ወደናል።

ሐሳቡ የተነሣው በ1893 በቺካጎ ከተማ በተካሄደው ታላቅ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ዙሪያ ነው። ግዛቶቹ እያንዳንዳቸው አንድ አበባ መርጠው የአገሪቱን የአበባ ጉንጉን እንዲያሟሉ ተጠየቁ። ሥራውን በአብዛኛው የያዙት ሴቶች ነበሩ። ዋሽንግተን በምትባለው የምዕራብ ግዛት በ1892 አበባውን የመረጡት ሴቶች ብቻ ሲሆኑ፣ እነዚያው ሴቶች በዚያን ጊዜ በመንግሥት ምርጫ ድምፅ የመስጠት መብት አልነበራቸውም። ሮዶደንድሮን የተባለውን ያገራቸውን ቁጥቋጦ መረጡ፤ የግዛቱ ሕግ አውጪ ምክር ቤት ምርጫቸውን በሕግ ያጸናው በ1959 ነው። እንግዲህ የሴቶቹ ቃል ስድሳ ሰባት ዓመት ደጅ ጠንቷል ማለት ነው።

ሚኒሶታ ደግሞ ከመቸኰል የተነሣ ተሳስታለች። በ1893 ምክር ቤቱ የመረጠው «የእመቤት ጫማ» የተባለ አበባ መልካም ነበር፤ ነገር ግን በሕጉ ላይ የሰፈረው የሳይንስ ስም በሚኒሶታ ምድር የማይበቅል የሌላ ዝርያ ስም ሆኖ ተገኘ። ስሕተቱ የታረመው በ1902 ነው። ይህች አበባ ከዘር ተነሥታ የመጀመሪያ አበባዋን እስክትሰጥ ድረስ እስከ 16 ዓመት ይፈጅባታል። ስለዚህም ከ1925 ጀምሮ መቅጠፍ በሕግ ክልክል ነው። በስሟ ውስጥ ያለችው «እመቤት» ማን እንደሆነች የሚጠይቅ ቢኖር፣ በጥንት አውሮፓውያን ዘንድ የአበባዋ ስም «የእመቤታችን የማርያም ጫማ» ነበር፤ በኋላ የዕፅዋት ሊቃውንት የሳይንስ ስም ሲያወጡላት ለግሪኮች ጣዖት ለአፍሮዳይት ሰጧት።

ቴክሳስ ውስጥም ክርክሩ ቀላል አልነበረም። በ1901 አንዱ እንደራሴ የጥጥ አበባ ይሁን ሲል፣ ጆን ናንስ ጋርነር የተባለው ሌላው፣ ኋላ የአሜሪካ ምክትል ፕሬዚዳንት ለመሆን የበቃው ነው፣ በትግራይ «በለስ» የምንለው የቁልቋል ዓይነት ካልሆነ ብሎ ተሟገተ። በመጨረሻ የረታው ሴቶች ይዘውት የቀረቡት «ብሉቦኔት» የተባለው ሰማያዊ አበባ ነው። ይህ አበባ ለእኛ ሩቅ ዘመድ አይደለም፤ በጎጃም የሚዘራው ግብጦ የቅርብ ወገኑ ነው። ነገር ግን በሕጉ የተጻፈው ዝርያ በአሸዋማ መሬት የሚበቅለው ደቃቃው ስለነበር፣ ደማቁና ትልቁ ለምን ቀረ የሚል ሙግት ሰባ ዓመት ቆየ። በ1971 ምክር ቤቱ በቴክሳስ የሚበቅለው የብሉቦኔት ዝርያ ሁሉ የግዛቲቱ አበባ ነው ብሎ ነገሩን ዘጋው። ብልኅ ዳኛ ሁለቱንም ባለጉዳይ አስታርቆ እንደሚሸኝ መሆኑ ነው።

ወደ ፋሲካ ነገር እንመለስ። ደቡብ ዳኮታ በ1903 በሕግ የመረጠቻት አበባ «ፓስክ» ትባላለች። በጥንታዊ ፈረንሳይኛ ፓስክ ማለት ፋሲካ ማለት ነው። ቃሉ ከዕብራይስጡ «ፔሳሕ» ተነሥቶ በግሪኩ «ፓስካ» በኩል ወደ ብዙ ልሳን የገባ ሲሆን፣ እኛም «ፋሲካ» የምንለው ከዚያው ምንጭ ነው። ስለዚህ የበዓላችን ስምና የዚህች አበባ ስም የአንድ አባት ልጆች ናቸው። ስሙን ለአውሮፓዊቱ እኅቷ ያወጣላት እንግሊዛዊው የዕፅዋት ዐዋቂ ጆን ጄራርድ ሲሆን፣ ይህንንም በ1597 ባሳተመው መጽሐፉ ራሱ ገልጾታል፤ ምክንያቱም አበባዋ የምትፈነዳው በፋሲካ ሰሞን ነውና። የካናዳዋ ማኒቶባም ይህችኑ የአሜሪካ ዝርያ የተማሪ ቤት ልጆች መርጠዋት በ1906 የክፍለ ሀገሩ አበባ አድርጋታለች። በእንግሊዝ አገር ደግሞ አንድ የዕፅዋት ተንከባካቢ ማኅበር በ2002 በጀመረው የሕዝብ ምርጫ፣ የካምብሪጅና የሀርትፎርድ አውራጃዎች አውሮፓዊቱን ፓስክ መርጠዋታል።

ፓስክ ከመሬት ከስንዝር ብዙም ከፍ አትልም። ቀለሟ ሐምራዊ ነው፤ መካከሏ ወርቅማ ነው። በረዶው ገና ሳይቀልጥ፣ ሌላው ሣር ገና ሳይነቃ ብቅ ትላለችና ግንዷም ቅጠሏም የብር በሚመስል ለስላሳ ጠጉር ተሸፍኗል፤ ይህም ብርዱን ይከላከልላታል። የደቡብ ዳኮታ ሕግ አበባዋን ሲሰይም «እኔ እመራለሁ» የሚል መፈክር አብሮ የሰጣት ከአበባ ሁሉ ቀድማ ስለምትወጣ ነው። የእኛ ፋሲካ በአንዳንድ ዓመት ከምዕራባውያኑ አምስት ሳምንት ያህል ስለሚዘገይ፣ በእነዚያ ዓመታት አበባዋ ረግፋ፣ ላባ የመሰለ ጭራ ያለው ዘሯን ለነፋስ ሰጥታ ትደርሳለች።

የፓስክ ችግር ማረሻ ነው። የምትበቅለው ታርሶ በማያውቅ የሣር ሜዳ ላይ ነው፤ አንድ ጊዜ ድንግሉ መሬት ከተገለበጠ በኋላ በቀላሉ ተመልሳ አትመጣም። የአሜሪካና የካናዳ ሰፊ ሜዳ ደግሞ ስንዴ የሚታፈስበት አገር ነው። አበባዋ በመንገድ ምልክትና በልጆች የመማሪያ መጽሐፍ ላይ እየታየች፣ ከእርሻው ዳርቻ ግን እየጠፋች ሄዳለች። በእንግሊዝ አገር ከዚህ የባሰ ነው፤ ዛሬ የምትገኘው በጣት በሚቆጠሩ ኮረብታዎች ላይ ብቻ ነው። ዓርማ መሆን ብቻውን ከማረሻ እንደማያድን ከዚህች አበባ በላይ የሚመሰክር የለም።

ከፋሲካ አስቀድሞ ሕማማት ነውና ወደ ቴነሲ እንለፍ። በ1919 የቴነሲ ምክር ቤት አበባ የመምረጡን ነገር ለተማሪ ልጆች ተወላቸው። ልጆቹም «የሕማማት አበባ» የምትባለውን የጫካ ሐረግ መረጡ። ስሟን ያወጡላት ወደ አዲሱ ዓለም የተሻገሩ የስፔን ሚሲዮናውያን ሲሆኑ፣ በአበባዋ ውስጥ የጌታችንን መከራ በሥዕል የተጻፈ ያህል አነበቡት። በዙሪያዋ ያሉትን አሥር ቅጠሎች ይሁዳንና ጴጥሮስን ሳይጨምሩ ዐሥሩ ሐዋርያት ናቸው አሉ። መሐሏን የከበበውን እንደ ክር የቀጠነ ጉንጉን አክሊለ ሦክ አሉት፤ አምስቱን የወንዴ ዘር አንጓዎች አምስቱ ቁስሎች፣ ከላይ ያሉትን ሦስቱን ደግሞ ሦስት ችንካሮች አሏቸው። የምትጠመጠምበትን ክርም ጅራፍ ነው አሉ። በ17ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ያኮሞ ቦዚዮ የተባለ ጣልያናዊ ስለ መስቀል በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ነገሩን በስፋት ካተተው በኋላ ትርጓሜው በአውሮፓ ሁሉ ተሰማ።

እዚህ ላይ የእኛ ሰው ቆም ይላል። በቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት የጌታ ችንካሮች አምስት ናቸው፤ ስማቸውም ሳዶር፣ አላዶር፣ ዳናት፣ አዴራ፣ ሮዳስ ተብሎ ይታወቃል። እንግዲህ ይህችን አበባ ከስፔናውያኑ አስቀድሞ የእኛ የመጻሕፍት መምህር አይቷት ቢሆን ኖሮ፣ ችንካሩን ከሦስቱ ላይ ሳይሆን ከአምስቱ ላይ ይቈጥረው ነበር ብሎ መገመት ይቻላል። አበባዋ አንዲት ናት፤ የሚያነባት ግን እንደ ትውፊቱ ነው። ቼሮኪ የተባሉት የአገሩ ነባር ሕዝቦች ደግሞ ከሁሉም በፊት ያውቋት ነበር፤ ፍሬዋን ይበሉታል። በቴነሲ የሚፈሰው የኦኮይ ወንዝም ስሙን ያገኘው ከዚህችው ተክል ነው።

የልጆቹ ምርጫ ግን ብዙ አልቆየም። በ1933 ምክር ቤቱ የቀድሞውን ውሳኔ ሳይሽር አይሪስ የተባለውን የአትክልት ቦታ አበባ የግዛቲቱ አበባ አድርጎ ሰየመ። ከዚያ በኋላ ቴነሲ ሁለት አበባ ይዛ አርባ ዓመት ተከራከረች። በ1973 የሕማማት አበባ የዱር አበባ፣ አይሪስ የጓሮ አበባ ይሁኑ ተብሎ ሁለቱም ቦታ ቦታቸውን ያዙ። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት የልጆቹ ምርጫ ይበልጥ ነበር፤ ጫካቸው ውስጥ ያገኟት፣ ፍሬዋንም የቀመሷት ተክል ናትና። በነገራችን ላይ በአዲስ አበባ ጭማቂ ቤቶች «ፓሽን» እየተባለ የሚጠጣው ፍሬ የዚህች ሐረግ የሥጋ ዘመድ ነው። ስሙም ሕማማተ ክርስቶስን ማለት እንጂ ሌላ ማለት እንዳልሆነ የሚያውቅ ጠጪ ጥቂት ነው።

በስቅለት ነገር ከሁሉ ይልቅ የሚነገርለት ግን «ዶግዉድ» የተባለው ዛፍ ነው። ቨርጂኒያ በ1918፣ ሰሜን ካሮላይና በ1941 አበባውን የግዛታቸው አበባ አድርገው መርጠዋል፤ የካናዳዋ ብሪቲሽ ኮሎምቢያም የምዕራቡን ዝርያ በ1956 መርጣለች። በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ በተለይም በሰሜን ቨርጂኒያ የሚኖሩ በርካታ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ይህን ዛፍ በየደጃፋቸው ያውቁታል። በሚያዝያ፣ የእኛ ፋሲካ ብዙ ጊዜ በሚውልበት ወራት፣ ቅጠሉ ሳይወጣ ነጭ ይለብሳል።

በአሜሪካ ክርስቲያኖች ዘንድ ሲነገር የኖረው ተረት እንዲህ ነው፤ ዶግዉድ በጥንት ዘመን እንደ ዋርካ የገዘፈ ዛፍ ነበረ፤ የጌታ መስቀል ከእርሱ ተሠራ፤ ዛፉም በዚህ እጅግ አዘነ፤ ጌታም ራርቶለት ከእንግዲህ ለመስቀል የሚሆን ግንድ እንዳያበቅል ቀጭንና ጐባጣ አደረገው። አበባውም በመስቀል አምሳል አራት ሆነ፤ በእያንዳንዱ ጫፍ ላይ የችንካር ምልክት የመሰለ ቡናማ ስርጕድ አለ፤ መካከሉም የእሾህ አክሊል ይመስላል።

ተረቱ ልብ ይነካል። ሆኖም ልጆቻችን ሲጠይቁን እውነቱን ከተረቱ ለይተን መንገር ይገባናል። ወንጌላውያን መስቀሉ ከምን ዓይነት እንጨት እንደ ተሠራ አልጻፉም። ይህ ዛፍ የምሥራቅ አሜሪካ ተወላጅ ነው እንጂ በኢየሩሳሌም ዙሪያ አይበቅልም። ታሪኩም በጥንታውያን መጻሕፍት የሚገኝ ሳይሆን በአሜሪካ በ20ኛው መቶ ዓመት የተስፋፋ ነው። እነዚያ አራት ነጫጭ ቅጠሎችም በሳይንስ ዐይን ሲታዩ አበባ አይደሉም፤ አበባ መስለው ነፍሳትን የሚጠሩ ተራ ቅጠሎች ናቸው። እውነተኞቹ አበቦች መካከል ላይ የተሰበሰቡት ጥቃቅን ቢጫዎች ናቸው። በእውነቱ ይህ ራሱ ከተረቱ የማያንስ ድንቅ ነው።

ዶግዉድን በአሁኑ ዘመን ያሳዘነው ሌላ ነገር ነው። ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የታወቀ የሻጋታ በሽታ በአፓላሽያ ተራሮች ጥቅጥቅና ቀዝቃዛ ጫካዎች ውስጥ የነበሩትን ዛፎች በብዛት አድርቋቸዋል። ፀሐይና ነፋስ በሚያገኝበት በየደጃፉ የተተከለው ግን በተሻለ ሁኔታ ተርፏል።

ተረት ከታሪክ የተጋጨበት ሌላ ምሳሌ ጆርጂያ ናት። በ1916 የመረጠቻት ነጭ ጽጌረዳ «የቼሮኪ ጽጌረዳ» ትባላለች። በ1838 የቼሮኪ ሕዝብ ከርስቱ ተነቅሎ በግዳጅ ወደ ምዕራብ ሲነዳ፣ የእናቶች እንባ በወደቀበት ሁሉ ይህች ጽጌረዳ በቀለች ይባላል። ስደቱና ሞቱ እውነተኛ ታሪክ ነው። ጽጌረዳዋ ግን ከቻይና የመጣች ናት።

የኩቤክ ነገር ለእኛ ቤተሰቦች ይበልጥ የሚያሳስብ ነው። ይህች ፈረንሳይኛ ተናጋሪ የካናዳ ክፍለ ሀገር በ1963 የመረጠችው ነጩን ሊሊ ነበር። በምዕራባውያን ሥዕል መልአኩ ገብርኤል ድንግል ማርያምን ሲያበሥር በእጁ ይዟት የሚታየው ይህችው አበባ ናት፤ ስሟም በእመቤታችን ይጠራል። በዘመነ ጽጌ ማኅሌት ለሚቆም፣ እመቤታችንን በአበባ መመሰል ለለመደ ምእመን ከዚህ የበለጠ ምርጫ አይታየውም። ሆኖም ነጩ ሊሊ የምሥራቅ ሜዲትራንያን ተክል ነው፤ በኩቤክ ሜዳ ራሱን ችሎ አይበቅልም። ብዙ ዓመት ከተነቀፈ በኋላ በ1999 ምክር ቤቱ ሊሊን አንሥቶ በምትኩ በየረግረጉና በየወንዙ ዳር የሚያብበውን ሰማያዊ አይሪስ ተከለ።

ይህን የሰማ ምእመን «እመቤታችንን ከዓርማቸው አወጡ» ብሎ ቢያዝን አይፈረድበትም። ምክንያቱ ግን እርሷን መንቀፍ አልነበረም፤ የአገሩ ዓርማ የአገሩ ተወላጅ ይሁን ማለት ነው። ከዚህም ሌላ ብዙ ሊቃውንት በፈረንሳይ ነገሥታት ዓርማና ከ1948 ወዲህ በኩቤክ ሰንደቅ ዓላማ ላይ የሚታየው «የሊሊ አበባ» የተባለው ምልክት በመልኩ የአይሪስ ሥዕል ነው ይላሉ። ደግሞም ሰማያዊው አይሪስ የሚያብበው የኩቤክ ሰዎች በሰኔ 24 የመጥምቁ ዮሐንስን ልደት፣ ያም ብሔራዊ በዓላቸው ነው፣ በሚያከብሩበት ሰሞን ነው። ይህን ስንሰማ የራሳችን ነገር ትዝ ይለናል፤ እኛም እንቁጣጣሽን «ቅዱስ ዮሐንስ» እንላለን፣ በዚያም ሰሞን ሜዳው አደይ ይለብሳል። በዚህ ሚዛን ከታየ ኩቤክ በመጨረሻው የመረጠችው ደግ መርጣለች።

የአገሩን ተወላጅ መርጦ መጠበቅም ሌላ ሥራ ነው። ሃዋይ በ1988 የመረጠችው ቢጫ ሂቢስከስ በደሴቶቹ ላይ ብቻ የሚገኝ ነው፤ ከስድስት ዓመት በኋላ በ1994 የአሜሪካ መንግሥት ለመጥፋት ከተቃረቡ ዕፅዋት ጋር መዘገበው። የካናዳዋ ሳስካችዋን ደግሞ በ1941 የመረጠችውን ቀይ የሜዳ ሊሊ መንቀልና መቅጠፍ ከልክላለች። ጌታ በተራራው ስብከቱ ከሰሎሞን ልብስ ጋር ያነጻጸራቸውን የሜዳ አበቦች ለሚያስብ፣ የእነርሱን ዕድሜ የሚያሳጥረው በጋና ክረምቱ ሳይሆን የሰው እጅ መሆኑ ያሳስበዋል።

በእኛ አገር የኦሮሚያ ክልል ዓርማ የኦዳን ዛፍ ይዟል። አደይ አበባ ግን ዳኛና ጠበቃ ሳይቆምላት በሕዝቡ ዘንድ የዘመን መለወጫና የመስቀል አበባ ሆና ኖራለች፤ ልጃገረዶች ይቀጥፏታል፣ ከደመራውም ጋር ትታሰራለች። እርሷም እንደ ፓስክ ሁሉ የምታብበው ያልታረሰ ዳገት፣ የእርሻ ዳርና የመንገድ ዳር በተረፈበት ነው፤ ከተማውና እርሻው በሰፋ መጠን አደይ ለመቅጠፍ የሚኬደው መንገድ ይረዝማል።

ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ሜሪላንድ በ1918 የመረጠችው «ጥቁር ዐይኗ ሱዛን» የምትባል አበባ ናት። ቅጠሎቿ እንደ አደይ ደማቅ ቢጫ፣ መካከሏ ጥቁር ቡናማ ነው፤ ሁለቱም በአንድ ሰፊ የዕፅዋት ቤተሰብ የሚመደቡ ናቸው። በበጋቸው መጀመሪያ ፈክታ ትሰነብታለች፤ በዚያ የሚኖሩ ወገኖቻችን መስከረም አንድን ሲያከብሩም በየመንገዱ ዳር ገና አልረገፈችም።